የእናትሽ ሁለት መስመር

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከሱቅ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ

ቁልፌ፣ የልቤ ልጅ፣

ይህን ወረቀት ስትከፍቺ "አባዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደብዳቤ ጸሐፊ የሆነው?" ማለትሽ አይቀርም። እውነትሽን ነው። ከጠመኔና ከመቀስ በቀር በእጄ የሚያምርብኝ ነገር የለም፤ በቤታችን ጽሕፈት የእናትሽ ነው። አንቺ እንዴት ነሽ? ብርዱ ለቀቅ አደረገሽ? የላክኩልሽ ካፖርት ትከሻው ላይ አይዝሽም? ሰውን ሳላይ፣ በስልክ በነገርሽኝ ልክ የቆረጥኩት ስለሆነ እስከ ዛሬ ሐሳቤ እዚያ ላይ ነው። የሚይዝሽ ከሆነ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ትቼልሻለሁ፤ እዚያ ያለ ልብስ ሰፊ ሊለቅልሽ ይችላል።

እሑድ ዕለት ክፉኛ ተለያየን። "ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ሁለት መስመር? እኔ ለእሷ ሁለት መስመር ነኝ?" አልሽኝ። የኢሜይል ፕሮግራሙ እምቢ ብሎን እንደከረመ ስነግርሽ ደግሞ፣ "አባዬ፣ ስለ እሷ ብለህ አትዋሽ። በዚህ ዘመን ኢሜይል ተበላሸ ተብሎ ይህን ያህል ይከረማል?" ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። አልተቀየምኩሽም። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ስልክ ላይ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ብዬ ነው የምጨርሰው። እናትሽም ሁልጊዜ አጠገቤ ቆማ ከአፌ የሚወጣውን ትመዝናለች። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ በወረቀት ልንገርሽ ብዬ ተነሳሁ። ኮት የምሰፋለት አንድ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ፤ ነገ ወደ አንቺ አገር ይበራል። በእጅሽ ያደርስልሻል።

የጉሮሮዋን ኦፕሬሽን ካለፈ በኋላ መስማትሽ ምን ያህል እንዳቃጠለሽ አውቃለሁ። "ድምፅሽን ለመጨረሻ ጊዜ ሳልሰማው ወሰዱት" ብለሽ የጻፍሽላትን ኢሜይል፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አስነብባኛለች። መነጽሬን ስወለውል ቆየሁ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብለሽ ነበር፦ "ልምጣ ወይስ ልቅር? መልሱን ከአባዬ አይደለም፣ ከአንቺ ከራስሽ ነው የምፈልገው።"

እናትሽ በማግስቱ ጠዋት መልሱን መጻፍ ጀመረች። ይህን እወቂልኝ። ኩርፊያ የሚባል ነገር አልነበረም።

ኦፕሬሽኑ ድምፅዋን ከወሰደው ወዲህ እናትሽ በቤታችን ሁለት አፍ ነበራት። አንደኛዋ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ናት፤ እሷ ለእኔ ነች። "መስኮቱን ዝጋ"፣ "ሻዩ ገነፈለ"፣ "ዛሬ ደግሞ ማን አስኮረፈህ" ትልበታለች። ወደ ገበያ ስሄድ ጽፌ የያዝኩትን ወረቀት ተቀብላ ፊደሉን ታርምልኛለች፤ የፍርድ ቤት ታይፒስትነት ጡረታ አይወጣም መሰለኝ። ሁለተኛው አፏ ኮምፒውተሩ ነው፤ እሱ ለአንቺ ነው። የጫንሽላትን የኢሜይል ፕሮግራም "ፖስታ ቤት" ነው የምትለው። "ፖስታ ቤት ልሂድ" ብላ ሰሌዳው ላይ ትጽፍና ከመኝታ ክፍሉ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አሥር ጣቶቿ ሲሮጡ የእኔ የስፌት መኪና ይቀናል። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜም እንድትጽፍ ብለሽ ሁሉ ነገር እዚያው ማሽኑ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርገሽላት ነበር፤ እሷም ይህንን ትወደዋለች፤ "ወረቀቴ ከቤቴ አይወጣም" ትላለች።

መልሱን በአንድ ጊዜ መጨረስ አልቻለችም። ያኔም ቶሎ ይደክማት ነበር። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቷን ወስዳ ትንሽ ትጽፋለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትተኛለች። በማግስቱ ከቆመችበት ትቀጥላለች። "ምን እያልሻት ነው?" ስላት "አንተን አይመለከትህም" ብላ ጻፈችልኝ። እንደዚያ ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ጤነኛዋ እናትሽ ናት ብዬ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጨርሳ፣ አስቀምጥ የሚለውን ስትጫን መብራት እልም አለ። እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ የስፌት መኪናዬም አብሮ ቆመ። ለምሳ ስመለስ ጨለማው ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። የፕሮግራሙን ምልክት፣ ሰማያዊዋን ፖስታ ተጫነች። መስኮቱ ብቅ አለ፤ ስምሽ እንኳ በጨረፍታ ታየ፤ ከዚያ ድርግም። "ፕሮግራሙ በድንገት መሥራት አቁሟል" የሚል ነገር ብቻ ቀረ። ደግማ ተጫነች። ብቅ፣ ድርግም። ማሽኑን አጥፍታ አበራች። እኔም ሶኬቱን ነቀልኩ፣ መለስኩ። ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ ሰው ሲያይ የሚመለስ አይጥ ሆነብን። ሌላው ሁሉ ይሠራል። ፎቶዎችሽ ይከፈታሉ፣ ሬዲዮው ይከፈታል፤ ፖስታ ቤቱ ብቻ ሳይከፈት ይዘጋል።

ፎርማትን ጠራሁት። ከሱቄ ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግነውን ታስታውሺዋለሽ፤ ለሳል መድኃኒት ብትጠይቂው እንኳ "ፎርማት ይደረግ" ስለሚል ሰፈሩ ያንኑ ስም ያወጣለት። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ፕሮግራሙን ከነሥሩ ነቅሎ አዲስ ጫነ። ያው ነው፤ ብቅ፣ ድርግም። ግንባሩን አከከ።

"እትዬ፣ በቀላሉ በስልኬ ልክፈትልዎትና ሁለት ቃል ይላኩላት።"

እናትሽ ሰሌዳዋ ላይ ጻፈች፦ "ግማሽ መልስ ከዝምታ ይብሳል። የጻፍኩት እዚያ ውስጥ ነው።"

"እንግዲያው ማሽኑ ፎርማት ይደረግ።"

"በውስጡ ያለውስ?"

"እሱማ ይጠፋል፤ ግን ንጹህ ይሆንልዎታል። አዲስ ሕይወት ይጀምራሉ ማለት ነው።"

እናትሽ አየችው። ጠረገችና ቀስ ብላ ጻፈች፦ "አዲስ ሕይወት አልፈለግኩም። የድሮውን ነው።" ፎርማት ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ መሃሉ ላይ ትቶ ገመዱን መንቀል ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም። ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ወሰደው፤ ሰነበተበት፤ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። አቧራውን አራግፎ ሲመልሰው በሽታው ከነሙሉ ክብሩ ነበር።

በዚያ መሃል አንቺ ስትደውዪ "ምን አለች?" ትይኝ ነበር። "ትጽፍልሻለች፣ ትጽፍልሻለች" እልሻለሁ። ስልኩን ስዘጋ እናትሽን "ሁኔታውን ልንገራት እንጂ" ስላት፣ "ምክንያት ደረደረች ትለኛለች። ሳገኘው እልክላታለሁ" ትላለች። ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ ሄዳ ያቺን ሰማያዊ ፖስታ ትጫናለች። ብቅ፣ ድርግም። ከዚያ ትታጠባለች። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አየኋት፤ ሲጠፋ ትከሻዋ እንደተመታ ሰው ሽምቅቅ ይላል። ሁለተኛ አላየሁም፤ ወጥ ቤት እገባ ነበር።

አሁን የምጽፈው በስልክ ያልነገርኩሽን ነው።

ፖስታ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ቀሚሷን አጠበብኩላት። "ወገቡ ላይ ሰፋኝ" ብላ ጻፈች፤ ምን አለበት ብዬ ሜትሬን ሳዞርባት እጆቼ ከለመዱት ቦታ ቀድመው ተገናኙ። ለደንበኛ ቢሆን ልኩን ጮክ ብዬ እጠራው ነበር። ለእሷ ዝም ብዬ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ከዚያ የቤቱን ቀሚስ አጠበብኩ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ የመጀመሪያውን እንደገና። ልጄ፣ አንድ ልብስ ስንት ጊዜ እንደሚጠብ ልብስ ሰፊ ያውቃል። ስፌቱ ከኪሱ ጋር ሲገናኝ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ሐኪሙም ዘንድ ሄድን። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየ። "እትዬ፣ ጠንካራ ነዎት" አላት። አዲስ ቀጠሮ አልሰጠንም፤ "ሲያስፈልጋችሁ ብቻ ኑ" አለን። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ደረጃውን ስንወርድ "አየሽ፣ መመላለሱ ቀረልን" አልኳት። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ የፍርድ ቤት ሰው ናት፤ መዝገብ ሲዘጋ ታውቃለች። ሰሌዳዋን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ክንዴን ያዘችና ወረድን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን መክፈት ተወች። እኔ ነኝ ያልተውኩት። እናትሽ ያንን መልስ ብትልክ አንድ ነገር የሚስተካከል መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ስለዚያ ፕሮግራም አወራ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሰው ሁሉ ሳሰለች ከረምኩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት የቀሚሷን ዚፕ ልታስቀይር መጣች። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የምትጠግን እሷ ናት። ጨርሼ እስክነግራት ሰማችኝና፣ "ጋሼ፣ ዚፑን እስኪጨርሱ አልጠብቅም፤ ቅዳሜ ቤት መጥቼ ልየው" አለችኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። እንደ ፎርማት አልተጣደፈችም። ወንበር ስባ ከእናትሽ ጎን ተቀመጠችና፣ "ለመጨረሻ ጊዜ በደህና የሠራው መቼ ነው? የዚያን ቀን ምን ተፈጠረ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሳስቀምጥ መብራት ጠፋ።"

"እሺ። እንግዲያው ምንም ከመንካቴ በፊት የሁሉንም ቅጂ ልያዝ" አለችና ፍላሽ ሰካች። እናትሽ ያኔ ነው ወንበሩ ላይ ደገፍ ያለችው። እስከዚያ ቀን ስለ ቅጂ የተናገረን ሰው አልነበረም።

ከዚያ በአዲስ ዓይን ፈተሸችው። የማሽኑ ቦታ ሞልቶ እንደሆነ አየች፤ አልሞላም። ፕሮግራሙን ያለ ጭማሪዎቹ፣ ባዶውን ለማስነሳት ሞከረች፤ ብቅ፣ ድርግም። ቀጥሎ የእናትሽን መልእክቶች የያዘውን ማኅደር ወደ ጎን አደረገችና ፕሮግራሙን በባዶ ማኅደር አስነሳችው። ተከፈተ! ባዶ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። አልጠፋም። እኔ እጄን አጨበጨብኩ፤ ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩኝ።

"አዩ፣ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው" አለች። "ሲነሳ ከሚያነባቸው ፋይሎች አንዱ ነው የታመመው።" ፎርማት ነቅሎ ሲተክለው ያልዳነው ለዚህ ነው። ቤቱን አፍርሶ ሲሠራ በሽተኛው እዚያው አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር።

አንድ በአንድ ትመልስ ጀመር። የመጡትን መለሰች፤ ተከፈተ። እዚያ ላይ የአንቺ መልእክቶች ሁሉ ተደርድረው ታዩ፤ እናትሽ በጣቷ ስክሪኑን ነካችው። የተላኩትን መለሰች፤ ተከፈተ። ረቂቆቹን ስትመልስ፣ ብቅ፣ ድርግም። አወጣችው፤ ተከፈተ። መልሳ አስገባችው፤ ጠፋ።

"እትዬ፣ ረቂቅ ውስጥ ምን ነበር?"

እናትሽ "መልሴ" ብላ ጻፈች።

"ሲቀመጥ ነው መብራቱ የጠፋው፤ ግማሹ ሳይጻፍ ቀርቷል። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ነው የሚወድቀው።" ትንሽ አሰበች። "ግን በፕሮግራሙ አልከፍተውም። እንደ ተራ ጽሑፍ ልክፈተው።"

ስክሪኑ የሰው ቋንቋ ባልሆነ ምልክት ተሞላ። እኔ አለቀልን ብዬ ነበር። እሷ ግን እንደ ተቋጠረ ክር ከዚህም ከዚያም እየፈታች ፊደሉን አወጣችው። ቀኑን ሙሉ ፈጀባት ማለት ይቻላል። በመጨረሻ በአዲስ ረቂቅ ላይ አስቀመጠችና ተነሳች። "ይኸው። ማለቂያው ላይ ትንሽ ተበልቷል እንጂ ሙሉ ነው። ላክ የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀረዎት።"

የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከወንበሯ ጀርባ ነበርኩና የመጀመሪያውን መስመር ዓይኔ ቀድሞኝ አየው። "ልጄ፣ ነይ። ሥራውም ይቅር፣ ኩርፊያውም ይቅር፣ ነይ" ይላል። ከዚያ በታች ረጅም ነው፤ ምን ምን እንዳለ አላውቅም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

"በይ ላኪላት! ምን ትጠብቂያለሽ?"

አልላከችም። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ ወደ ላይ ተመልሳ ደግማ አየችው። ከዚያ ሰሌዳዋን ሳበች።

"ይህን የጻፈችው ሌላ ሴት ናት።"

"አንቺው ነሽ እንጂ!"

"ያቺ በእግሯ ሄዳ ልትቀበላት አስባ ነበር።" ጠረገችው። "አሁን ብትመጣ የምታገኘው እኔን አይደለም።"

"ትምጣና የምታገኘውን እሷ ትወቀው።"

"ኮንትራቷን ጥላ ከወጣች አይመልሷትም። ለምን? አልጋ ላይ ያለ አጥንት ለማየት?"

"ተይ" አልኳት። "እባክሽ ተይ።" አርባ ዓመት ሊሞላን የተቃረበ ባልና ሚስት ነን፤ ክርክር አሸንፌያት አላውቅም፤ ድምፅ ሳይኖራት እንኳ አላሸነፍኳትም።

ጽሑፉን በሙሉ ይዛ አጠፋችው። ጠጋኟ ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ እናትሽ እነዚያን ሁለት መስመሮች ጻፈች። አሥሩ ጣቶች አልነበሩም፤ አንድ ጣት ነው፤ ፊደል እየፈለገ። "ልጄ፣ ደህና ነኝ። ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ አሁን አትምጪ።" ላክ የሚለውን ተጫነች። ፕሮግራሙ ምንም ሳይንገዳገድ ላከው። ያን ሁሉ ጊዜ ይከፈትልን ብዬ የለመንኩት ፕሮግራም፣ ያችን ቅጽበት እንኳ ድርግም ቢልልኝ ምን ነበር አልኩ። በደንብ ይሠራል አሁን። አንድም ቀን አልወደቀም።

ልጅቷን ስሸኛት በሩ ላይ ቆም አለች። "ጋሼ፣ ፍላሹ ላይ ቅጂው አለ። ልተውልዎት?"

ብዙ አሰብኩ። "አጥፊው ልጄ" አልኳት። "መልሳ የዋጠችውን ቃል ከጉሮሮዋ ጎትቼ አላወጣም።" አንገቷን ደፋች፤ የዚፑንም ነገር ሳታነሳ ሄደች። ልክ ይሁን ስህተት ይሁን እስከ አሁን አላውቅም። ብታዝኚብኝም እውነት አለሽ።

ለእናትሽ ሁለት መስመር አይደለሽም። ከዚያ በላይ መጻፍ የምትችልበት ጊዜ ማሽኑ ውስጥ ተቆልፎባት አለፈ። ይህን ላስረዳሽ ነው ይህን ሁሉ የቀባጠርኩት።

እሑድ አንቺ ዘግተሽብኝ፣ ሰኞ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ወስጄ አስተኛኋት። ትናንት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለ ሰሌዳውን አነሳችና "እንድትመጣ እንዳትጠይቃት። ማልልኝ" አለችኝ። "በማን ልማልልሽ?" አልኳት። "በእሷ።" በአንቺ ማልኩላት፣ ልጄ። በሌላ በማንም ቢሆን አፈርሰው ነበር። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አገላብጠሽ ብታነቢ እኔ አንዳች ነገር አልጠየቅኩሽም። የሆነውን ነው የነገርኩሽ። እንድትመጪ ስል አልተሰማሁም።

ሌላ ወሬ ልንገርሽ። የሴቶቹ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ያለው። ጠያቂ የሚያስገቡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ከሆነ ግን ዘበኛው በማንኛውም ሰዓት እንደሚያሳልፍ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኔ ወይ ሱቅ ወይ እሷ ጋ ስለምሆን የቤቱን መክፈቻ ፎርማት ዘንድ አስቀምጫለሁ። ክፍልሽን አናፍሼዋለሁ፤ አንሶላውንም ቀይሬዋለሁ፤ አቧራ ስለያዘው ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ነርሶቹ ጥሩ ልጆች ናቸው። ስትተኛ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው፤ ቀስ ብለው ያነሱላታል።

ዛሬ ጠዋት ፊቷን አጥቤያት ስጨርስ ሰሌዳውን አመለከተችኝ። አሁን ብዙ አትጽፍም፤ እስክሪብቶው ይከብዳታል። "አንገቴን የሚሸፍን ነገር ስፋልኝ" አለች። ያ አንገቷ ላይ ያለው የምትተነፍስበት ቀዳዳ እኔም ነርሶቹም ሁልጊዜ የምናየው ነው፤ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ አንድም ቀን ሸፍኑልኝ ብላ አታውቅም። የጎረቤት ሰው ሲመጣ እንኳ ግድ አልነበራትም።

"ለማን ብለሽ ነው?" አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ሰሌዳውን መልሳ ሳበችና፣ በተንጋደደ ፊደል፣ "ስስ ይሁን፣ እንዳያፍነኝ። ቀለሙ ግን ደመቅ ያለ" ብላ ጨመረች።

የነጋዴውን ኮት ጨርሼ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው የእሷ ጨርቅ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ስስ፣ ከቆዳ ጋር የሚስማማ። ልኩን አልወሰድኩም፤ በዓይኔ ነው የምቆርጠው። ሳይመሽ አደርስላታለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ ደጅ የቆመ ይክፈትልሽ፣ ፈጣሪ ከሰው ፊት ሞገስ፣ ለልብሽም ጉልበት ይስጥሽ። ነጋዴውን ሻይ ጋብዢው፤ ደግ ሰው ነው። ወደዚህ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው፤ ብቻውን መጓዝ እንደማይወድ ነግሮኛል።

የሚወድሽ
አባትሽ